ሁለት ክንድ ርቀት

ሴፕቴምበር 5፣ ሐሙስ

ሂውጊ ዛሬ ስድስት ፎቶዎቼን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ብዙ ካያቸው በኋላ አንድ በአንድ በፊታቸው ደፋቸው። «ኡና፣ የሰው ጀርባ ሰብሳቢ ሆነሻል» አለኝ። የፎቶ ክለባችን ሰዎች ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤቴ እስክደርስ ግን ጥርሴን ነክሼ ነው የሄድኩት።

ልክ ነው። ያበሸቀኝም ልክ መሆኑ ነው። ከፀደይ ወዲህ የምወደው አንድ ፎቶ አላነሳሁም። ሰው ሲመጣ አየዋለሁ፣ ልቤ ይመታል፣ እስኪያልፈኝ እጠብቅና ከኋላው አነሳዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ላብራቶሪ ተቀምጬ የማላውቀው ሰው የሚያስተክለውን ጥርስ እሞርዳለሁ። የራሴ የምለው ካሜራውን ብቻ ነው። እሱንም ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ልሸጠው አስቤ ነበር። እሱን ከተውኩ ኡና ማለት ሃምሳ አንድ ዓመቷ የሆነ፣ ጥርስ የምትሠራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ የምታጥብ ሴትዮ ናት። ያችን ሴትዮ አልወዳትም።

የሂውጊ ሕግ እንዲህ ይላል፦ ከሁለት ክንድ በላይ ርቆ የተነሳ የመንገድ ፎቶ የፈሪ ፎቶ ነው። «አንቺን ፈሪ አላልኩም» አለኝ ኮቱን እየለበሰ። «ፎቶሽን ነው።» ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠር ስለኖረ ሰው ፊት መደቀን አይከብደውም።

ወስኛለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሙሉ ጥቅል ፊልም። የሌንሱን ርቀት ሁለት ክንድ ላይ አስሬ፣ ካሜራውን ወደ ዓይኔ ሳላነሳ፣ ከደረቴ ላይ። ዝናብም ቢሆን። ለዝናቡ ቢጫ ኮት ገዝቻለሁ።

ሴፕቴምበር 7፣ ቅዳሜ

ዱክ ስትሪት። ሠላሳ ስድስት ፍሬም። ሦስት ስድብ፣ አንድ ምራቅ። ምራቁ አዲሱ ኮት ላይ ነው ያረፈው። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ግን ሁሉም ፊት ነው።

ሴፕቴምበር 12፣ ሐሙስ

ጥቅሉን ይዤ ክለብ ብሄድ ሂውጊ ከጨለማው ክፍል በር ላይ መለሰኝ። «ስድስት ሳምንት» አለ። የክለባችን ደንብ ነው፤ ማንም የዛሬን ፊልም ዛሬ አያጥብም። ቀኑን በቀይ እስክሪብቶ ጽፈንበት ማቀዝቀዣ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። «ትኩሱን ያጠበ ሰው የሚያየው የዕለቱን ስሜቱን ነው፣ ፎቶውን አይደለም። መጀመሪያ ልብሽ ይብረድ።» እንግዲህ የእኔ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቅቤ፣ ሰናፍጭና ሰባት ጥቅል ፊልም አለ።

በዚህ ወር ደግሞ የምንደራረብበት ጊዜ ነው። አንዱ ያነሳበትን ፊልም ወደ ቆርቆሮው ሲመልስ ጫፉን፣ ምላስ የምንለውን፣ ውጭ ያስቀርና ለሌላው ይሰጠዋል። ሌላው እንደ አዲስ ፊልም ካሜራው ውስጥ አስገብቶ በላዩ ያነሳበታል። ሁለት ሰው ያነሳው አንድ ፎቶ ይወጣል። አብዛኛው ቆሻሻ ነው፣ አንዳንዱ ግን ያስደነግጣል። የእኔ ጥንድ ሂውጊ ነው። በእሱ ምክንያት ጥቅሎቼን ሁሉ ምላሳቸውን እያስቀረሁ መጠቅለል ለምዶብኛል።

ሴፕቴምበር 14፣ ቅዳሜ

አንዲት ሴትዮ በጃንጥላዋ ቅንድቤን ብላኝ ሄደች። «ፊቴ ምን አድርጎሻል?» ነበር ያለችው። ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጠርጌው ሁለተኛ አነሳኋት። ሁለተኛው ይበልጣል፤ በመጀመሪያው ደንግጣ ነው፣ በሁለተኛው ጥርሷ ሁሉ ይታያል። የታችኛው ግራ ክራንቻዋ የተተከለ ነው፤ ሥራውም ጥሩ አይደለም።

ከዚያ እስከ ድልድዩ ድረስ ሮጥኩ። እንዲህ ሮጬ የማውቀው ልጅ ሳለሁ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሴፕቴምበር 21፣ ቅዳሜ

አንዱ የእጄን አንጓ ጠምዝዞ ካሜራውን ሊነጥቀኝ ሲል በክርኔ ሆዱን ደለቅኩት። እንደ ማስነጠስ ያለ ድምፅ አወጣ፣ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ። ትንሽ ሰውዬ ነበር። ትንሽ መሆኑን አስቀድሜ አይቼ ይሆን እንዴ? አላውቅም። ቁጭ እንዳለ አነሳሁት።

ሴፕቴምበር 23፣ ሰኞ

ሥራ ቦታ ቅንድቤንና አንጓዬን አይተው «ኡና ሳትነግረን ባል አገባች» ይላሉ። «አዎ» አልኳቸው። «ጃፓናዊ ነው። አንገቴ ላይ እየተንጠለጠለ ነው የሚውለው።» ሳቁ። ምሳ ሰዓት ላይ አንዷ ለብቻዬ ስሆን ጠብቃ «እውነት ግን ሰው እየመታሽ ከሆነ ንገሪኝ» አለችኝ። ማንም አይመታኝም አልኳት። ዕድሜ ልኬን እንደዚህ ነቅቼ አላውቅም ብላት አይገባትም ነበር።

ሴፕቴምበር 26፣ ሐሙስ

ክለቡ ግድግዳ ላይ የሂውጊ ፎቶ አለች። አርባ ምናምን ዓመቷ ነው። አንድ ሰውዬ ከመጠጥ ቤት ሲወረወር፣ ገና አየር ላይ እያለ፣ ፊቱ ወደ እኛ ዞሮ፣ ድንጋዩ ላይ ሊያርፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው። ሰባት ዓመት ሙሉ አይቻታለሁ። ዛሬ ጠየቅኩት።

«ሰውዬው ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?»

«የትኛው ሰውዬ?» አለኝ ሂውጊ።

እንደዚህች ያለች አንድ ፎቶ ብቻ። አንድ። ከዚያ በኋላ ካሜራውን ብሰቅለው አይቆጨኝም።

ኦክቶበር 5፣ ቅዳሜ

ዝናብ። የእግር ኳስ ጨዋታ ቀን። ጠብ ነበር፣ ዱክ ስትሪት ያለው መጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ሦስት ለአንድ። አሥራ ሁለት ፍሬም። ሁለት ክንድ፣ ምናልባትም ያነሰ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ሌንሱ ላይ የተረጨውን ጠርጌዋለሁ።

ማታ። በዝርዝር አልጽፍም፣ ፊልሙ አለ። ሰውዬው መሬት ላይ፣ ሦስቱ ቆመው። ጫማ። አንደኛው አንገቱ ላይ የወፍ ንቅሳት አለው፤ ሲራገጥ ወፏ ትለጠጣለች። ጥርስ ሲሰበር ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ሠላሳ ዓመት ጆሮዬ ሥር የኖረ ድምፅ ነው። መንጋጋ ነበር። ሦስቱ ሲሮጡ ነጭ ሽርጥ ያደረገ ሰው ከማዶ እየበረረ መጥቶ ተንበረከከ፣ የሰውዬውን ጭንቅላት በሁለት እጁ ይዞ ጮኸ። ምን እንዳለ አልሰማሁም። እሱንም አነሳሁት። ከዚያ ፊልሙ አለቀና ሄድኩ።

ሰው አምቡላንስ ጠርቶ ይሆናል። መንገዱ ጢም ብሎ ነበር፣ የሁሉም ኪስ ውስጥ ስልክ አለ።

ማንም ስለማያነበው እውነቱን ልጻፈው። ካሜራ ከያዝኩ ጀምሮ እንደ ዛሬ ጎበዝ ሆኜ አላውቅም። አላሰብኩም፣ አልፈራሁም። እጄ ራሱ ያውቅ ነበር። ቤት ገብቼ ሦስት እንቁላል ጠብሼ ቆሜ በላሁ። ጥቅሉ ላይ ቀኑን ጽፌ ከቅቤው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ኖቬምበር 16 ይታጠባል።

ኦክቶበር 7፣ ሰኞ

ሥራ ቦታ ሬዲዮው ተናገረ። ሮዲ ማክፌል ይባላል። አርባ ስድስት ዓመቱ፣ መስኮት አጣቢ። ራሱን አያውቅም። ፖሊስ አንድ ሰው ይዟል።

ጥሩ። ከያዙ ጥሩ ነው። አንድ ሰው ነው ያሉት። ሦስት ነበሩ።

ኦክቶበር 8፣ ማክሰኞ

ሞርቨን ደረጃው ላይ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። እሷና ባሏ ላክላን ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ላክላን ከመጠጥ ቤቱ ማዶ ጥግ ላይ ያለው ዓሣ ቤት ውስጥ ይጠብሳል። ፊቷ አብጧል።

«የያዙት ላክላንን ነው» አለችኝ። «ደሙ እጁም፣ ሸሚዙም፣ ጫማውም ላይ ነው። መጠጥ ቤት የነበሩት ሲወጡ ያዩት እሱን ላዩ ላይ ነዋ። በጋ ላይ ከሮዲ ጋር በዓሣ ቤቱ መስኮት እጥበት ተጨቃጭቀው ነበር፤ ያም ተመዘዘ። ኡናዬ፣ አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው አይደለሽ እንዴ?»

«ቀደም ብዬ ገባሁ» አልኳት። «ዝናቡ በረታብኝ።»

«ምንም አላየሽም?»

«ምንም።»

ክንዴን ጨበጥ አድርጋኝ ወጣች። ይሄን ውሸት ብዬ አልጽፈውም። ቀደም ብዬ ነው የገባሁት፣ ከወትሮው ቢያንስ በአንድ ሰዓት።

ነጭ ሽርጥ። ፊቱን አላየሁትም፣ አቀርቅሮ ነበር። ወይም አይቼው ይሆናል።

ኦክቶበር 10፣ ሐሙስ

ጋዜጣው ላይ ወጥቷል። ፖሊስ «ቢጫ የዝናብ ኮት የለበሰችና ካሜራ የያዘች ሴት» እየፈለገ ነው። ሂውጊ ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ። ሌሎቹ ጨለማው ክፍል ውስጥ ነበሩ።

«ኮትሽ ምን ዓይነት ነበር?» አለኝ።

«ታውቀዋለህ።»

ጋዜጣውን አጠፈና ተቀመጠበት። «አነሳሽው?»

«አሥራ ሁለት ፍሬም።»

«ምን ያህል ቀረብሽ?»

«ከሁለት ክንድ ያንሳል።»

ሽማግሌው ፊቱ ፈካ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። «እንግዲያው ደንቡ ደንብ ነው» አለኝ። «ስድስት ሳምንት። አሁን ብታጥቢው የምታዪው ፍርሃትሽን ነው። ፖሊስ እንደሆነ የራሱ ሥራ አለው።» አመሰገንኩት። አመስግኜው ወጣሁ።

ኦክቶበር 12፣ ቅዳሜ

ቢጫው ኮት ብብቱ ሥር ስፌቱ ተፈቷል። ለበጎ አድራጎት ሱቅ ሰጠሁት፤ ከሰፈር ራቅ ያለው ሱቅ ይሻላል ብዬ በአውቶቡስ ወሰድኩት።

ኦክቶበር 19፣ ቅዳሜ

ግራጫ ጃኬት ለብሼ ወጣሁ። ሠላሳ ስድስት ፍሬም፣ ሁሉም የሞተ። ሰው ጋሪ ይገፋል፣ ሰው ሳንድዊች ይበላል። ሁለት ክንድ ቀረብኩ፣ ምንም። አንድ ወፍራም ሰውዬን ሆን ብዬ በትከሻዬ ገጨሁት፣ ዞሮ «ይቅርታ እመቤት» አለኝ። ልመታው ቃጣኝ።

ያን ቀን ነው የምፈልገው። ጻፍኩት እንግዲህ። ሰውዬው አልጋ ላይ ነው፣ ላክላን እስር ቤት ነው፣ እኔ ዱክ ስትሪት ላይ ሌላ ሰው እስኪደበደብ እየጠበቅኩ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኦክቶበር 21፣ ሰኞ

ጠዋት የጋራ በራችን ላይ በቀይ ቀለም «ነፍሰ ገዳይ» ተጽፎ አገኘን፤ ሮዲ ሳይሞት። ሌሊት ደግሞ በሞርቨን መስኮት ጡብ ገብቷል። ጡቡ ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ሳህን መሃል ነው ያረፈው። ሞርቨን መንገድ ላይ ወጥታ በጡቡ የቆመ መኪና መስታወት አደቀቀች። የማን መኪና እንደሆነ እንኳን አታውቅም። ይዤ አስገባኋት። ደረቴን በቡጢ ስትመታኝ አልለቀቅኳትም።

ከላብራቶሪ ቀለም ማስለቀቂያ አምጥቼ በሩን ሁለት ሰዓት ፈተግኩ። ጣቶቼ ተላጡ። ሞርቨን ከደረጃው ላይ አይታኝ አለቀሰች። «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» አለችኝ። ብሩሹን አልጣልኩም።

ኦክቶበር 24፣ ሐሙስ

ሮዲ ማክፌል ሞተ። ክለብ አልሄድኩም።

ኦክቶበር 25፣ ዓርብ

የላክላን ክስ የነፍስ ግድያ ሆነ። ሬዲዮው ስሙን በሙሉ ጠራው፣ የሚኖርበትን መንገድም። የእኛን መንገድ።

ሮዲ ለምን መሃል ገባ? ይሄ ነው የማይገባኝ። መሰላሉ ትከሻው ላይ ነበር፣ ባልዲው እጁ ላይ፣ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር። ባልዲውን አስቀመጠ፣ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ቀስ ብሎ ነው ያስደገፈው፣ እንዳይወድቅ ፈትሾት። ማንም አልጠራውም። እኔ አልጠራሁትም። የወፍ ንቅሳት ያለው ሰውዬ ቢጮህ የሚጮኸው በሌላ ሰው ላይ ነበር፣ በእሱ ላይ አይደለም። አላፊ አግዳሚ ዝም ብሎ ያልፋል። ያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ አልፎ የለ?

ማቀዝቀዣውን ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁ። ሃያ ሁለት ቀን ይቀራል። ደንብ ነው እያልኩ ነው። ለራሴም እንደዚያ እያልኩ ነው።

ኦክቶበር 31፣ ሐሙስ

ሃሎዊን። ገና ሳይመሽ ልጆቹ ወጥተዋል፣ ፊታቸው ላይ የውሸት ደም ተቀብተው፣ አፅም የተሳለበት ልብስ ለብሰው። ካሜራው ውስጥ ፊልም አልነበረም፣ ልወጣ ቸኩዬ ከማቀዝቀዣው አንድ ምላሱ የወጣ ጥቅል አንስቼ አስገባሁ። አዲስ መስሎኝ። በፍላሽ ሠላሳ ስድስት ፍሬም። ልጆቹ ከረሜላ ሰጡኝ።

ኖቬምበር 2፣ ቅዳሜ

የኦክቶበር 5ቱ ጥቅል የለም። ቅቤውን፣ ሰናፍጩን፣ ሁሉንም አውጥቼ ወለሉ ላይ ደረደርኩ። አዲሶቹ ፊልሞች መኝታ ቤት ካርቶናቸው ውስጥ አሉ፣ አንድም አልተነካም። ካሜራው ውስጥ ያስገባሁት እሱን ነው። በአሥራ ሁለቱ ፍሬሞች ላይ ልጆች አንስቼባቸዋለሁ።

ስህተት ነው። ማንም ላይ ይደርሳል። ሂውጊ የእህቱን ሠርግ ባቡር ጣቢያ ላይ ደርቦታል። ምላሱን ያስቀረሁት ከልማድ ነው፤ ምላሱ የወጣ ደግሞ ሁሉም አዲስ ይመስላል። የኩሽናው መብራት ደካማ ነው።

ቀኑ በቀይ ተጽፎበታል። እኔው ነኝ የጻፍኩት። አዲስ ፊልም ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬ አላውቅም።

ማቀዝቀዣውን በእርግጫ ስመታው ቆየሁ፣ በሩ እስኪጎደጉድ። የእግሬ ጥፍር ተነቅሏል። ስህተት ነው።

ኖቬምበር 9፣ ቅዳሜ

ሞርቨን ልትጠይቀው ሄዳ ተመለሰች። መጀመሪያ የመጣችው እኔ ጋ ነው፣ ኮቷን እንኳን ሳታወልቅ። እስር ቤት ውስጥ የሮዲ የአጎት ልጅ አለ፤ ላክላንን መታጠቢያ ቤት ውስጥ አራት ሆነው ጠብቀውት ነው። አገጩ ተሰብሯል።

«ከላይ ሁለት፣ ከታች አንድ» አለችኝ። ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ የትኞቹ እንደሆኑ አሳየችኝ። «ሲያወራ ያፏጫል። ሳቅ መጣብኝ ኡና፣ እዚያው ፊቱ ሳቅሁ፣ ከዚያ ማቆም አቃተኝ። እኔ እኮ ሌላ ጥርስ የሚሠራ አላውቅም። ሲወጣ ትሠሪለታለሽ አይደል? ከወጣ?»

እሠራለታለሁ አልኳት። ሻይ አፈላሁላት። አልጠጣችውም። እኔም ስኳሩን እያማሰልኩ እስክትሄድ ድረስ ቀና ብዬ አላየኋትም።

ኖቬምበር 16፣ ቅዳሜ

ታጠበ።

ሂውጊ ክለቡን ለእኔ ብሎ ከፈተልኝ፣ ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም። በጨለማ ፊልሙን ስጠመጥም ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። ከዚያ የፊልም ማጠቢያው መድኃኒት፣ ከዚያ ውኃው፣ ከዚያ ኔጋቲቩን መብራት ላይ ሰቀልነው። እሺ ብሎ ወጥቷል። ሁሉም አለ። ጫማዎቹ አሉ፣ በላያቸው የልጅ እግር። የወፏ ንቅሳት አለች፣ በጎን የዱባ ፋኖስ። መጨረሻው ፍሬም ላይ ላክላን ተንበርክኳል፣ ሁለት እጁ የሮዲ ጭንቅላት ላይ ነው፣ አፉ ተከፍቷል። በትክክል እላዩ ላይ ደግሞ አፅም የለበሰ ልጅ እጁን ዘርግቶ ይስቃል።

ሂውጊ ትልቅ አድርገን እንተመው አለ። ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ጠቁሮ ሲመጣ ትንፋሹን ይዞ አየው።

«ይሄ ሰውዬ እየያዘው ነው ወይስ እያነቀው ነው?» አለኝ።

«እየያዘው ነው። ደሙን ሊያቆምለት ነው።»

«አይታወቅም» አለ። «ውበቱም አለመታወቁ ነው። ኡና፣ ከኔዋ ይበልጣል። የዓመቱን ትርኢት የምንከፍተው በዚህች ነው፣ በትልቁ ግድግዳ።»

ከፀደይ ጀምሮ፣ እንዲያውም ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ይሄን እንዲለኝ ነበር የምጠብቀው። አፈርኩ ልበል? መጀመሪያ ደስ አለኝ። ደስታው ሆዴ ውስጥ ሞቀ፤ እሱን ሳውቅ ነው እጄ የተነሳው። በጥፊ መታሁት፣ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ። መነጽሩ መድኃኒቱ ውስጥ ገባ። ጉንጩን ያዘ።

«ላክላን ይባላል» አልኩት። «ከእኔ በላይ ነው የሚኖረው። አሁን ሦስት ጥርሱ የለም።»

መነጽሩን በጣቱ ፈልጎ አወጣ። «ውሰጂው በቃ» አለኝ። «ፎቶሽን ውሰጂና ሂጂ።»

ኖቬምበር 18፣ ሰኞ

ከሥራ ቀርቼ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ሳጅን ኦር የምትባል ሴት ተቀበለችኝ፤ አጭር፣ ድምፅዋ የለሰለሰ። ፎቶዎቹን በተርታ አስቀመጠቻቸውና ብዙ አየች።

«እነዚህ ልጆች ምንድን ናቸው?» አለችኝ።

ነገርኳት። አዲስ ፊልም ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደማላስቀምጥም ነገርኳት። ጻፈችው።

«በፎቶው ብቻ ከሄድን» አለች የመጨረሻውን እየነካች፣ «ይሄ እጅ ምን እያደረገ እንደሆነ መናገር አልችልም። እርስዎ ይንገሩኝ። ከመጀመሪያው ይጀምሩ። ጠቡ በምን ተነሳ?»

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ፎቶው አይናገርም፣ ከጠቡ በፊት ያሉት ሁለት ፍሬሞች በልጆቹ ፊት ተሸፍነዋል። ቀኑን ሙሉ ጫማዬን ሳይ ብውል ማንም ምንም አያውቅም ነበር።

እኔ ነኝ ያስነሳሁት አልኳት። ሦስቱ በሩ ላይ ቆመው ያጨሱ ነበር። የወፍ ንቅሳት ያለው ሰውዬ እያለቀሰ ነበር፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እንባ ያለበት ትልቅ ሰው ፊት ነበር፣ አገጩ ሥር ካሜራዬን ደቀንኩበት። አንድ ጊዜ አነሳሁት። ተይ አለኝ። ሁለተኛ አነሳሁት። ያኔ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ሮዲ ማክፌል ባልዲውን አስቀምጦ፣ መሰላሉን አስደግፎ መጣ፣ የሰውዬውን እጅ ከአንገቴ ላይ አላቀቀ፣ በእኔና በእነሱ መሃል ቆመ። «ሴትዮዋን ልቀቋት፣ ትሂድበት» ነው ያላቸው። ከዚህ ሌላ ምንም አላለም። መጀመሪያ የመቱት በጠርሙስ ነው።

«እሱ ከፊትዎ ሲቆም እርስዎ ምን አደረጉ?»

«አንድ እርምጃ ወደ ጎን ወጣሁ» አልኳት። «ከልሎኝ ነበር።»

ሳጅን ኦር እንዳልኩት ጻፈችው። ወረቀቱን አንብቤ ፈረምኩ።

ኖቬምበር 23፣ ቅዳሜ

ካሜራ ሳልይዝ ወጣሁ። ዳቦና ቋሊማ ገዝቼ ተመለስኩ። ሰው ሲመጣብኝ ዓይኔ አሁንም ርቀቱን ይለካል፤ አራት ክንድ፣ ሦስት፣ ሁለት። የመጠጥ ቤቱ መስኮት ቆሽሿል።

ኖቬምበር 27፣ ረቡዕ

ላክላን ዛሬ ወጣ። የወፍ ንቅሳት ያለውንና ሌላኛውን ይዘዋቸዋል፣ ሦስተኛው ገና ነው። ደረጃው ላይ ኮቴውን ሰማሁ። በሬ ጋ አልቆመም።

ምሽት ላይ ወጥቼ አንኳኳሁ። አገጩ ሲድንለት ጥርሱን እሠራለታለሁ፣ ነገም ቢሆን ልኩን እወስዳለሁ ልላቸው ነበር። ሞርቨን ከፈተች። ከኋላዋ ላክላን ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ሾርባ በአንድ ጎኑ ይጠጣል። ጉንጩ አሁንም ሰማያዊ ነው።

«ፖሊሶቹ ሁሉንም ነግረውናል» አለችኝ ሞርቨን። አልጮኸችም። «ሮዲ ለምን እንደገባም፣ አንቺ የት ቆመሽ እንደነበርም።»

«ሞርቨን፣ እኔ…»

«አንድ ነገር ልንገርሽና ትወርጃለሽ። የያዙት ዕለት ላክላን ደውሎልኝ ነበር። ቢጫ ኮት የለበሰችው ከጀርባዋ ኡና ትመስላለች፣ ስሟን ልስጣቸው ወይ አለኝ። በማግሥቱ ደረጃው ላይ የጠበቅኩሽ ለዚያ ነው። ምንም አላየሁም ስትዪኝ እሱን በስልክ ሰደብኩት። ኡና ብትሆን ኖሮ ጥላህ አትሄድም፣ የሰው ስም አታጥፋ፣ አልኩት። እሱም ሰማኝ።»

ላክላን ማንኪያውን አስቀመጠና አፉን በእጁ ሸፈነ። ሞርቨን በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ወደ ቤቴ ወርጄ መብራት አበራሁ።